የአባቴ ምርቃት ኮምፒውተር ውስጥ ተቆልፎ ቀረ፤ ማን ይፈታልኛል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ናችሁ ወሎዬዎች? ችግሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። 78 ዓመቱ ነው። በጉብዝናው ከወረኢሉ እስከ ኩታበር እየዞረ ምርቃት ይሰበስብ ነበር። የሰርግ፣ የአራስ ቤት፣ የቡና፣ የአውድማ፣ መንገደኛ ሲሸኝ የሚባለውን ሁሉ። ሽማግሌ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ቁጭ ይልና ደብተር ያወጣል።

በ1994 ዓ.ም. ኮምፒውተር ተማረና ራሱ በሁለት ጣቱ ተየበው። አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀበት። ደብተሮቹ በኋላ ቤት ስንቀይር ጠፉ። የቀረን ከፍሎፒ ወደ ሲዲ የተገለበጠ አንድ ፋይል ብቻ ነው። 140 ገጽ።

ትናንት የሲዲ ማንበቢያ ተውሼ ከፈትኩት። አባዬ ዓይኑ ስለደከመ ስክሪኑ ላይ ተጠግቶ አየ። የእኩል ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት፣ ላያቸው ላይ ነጥብና ጭረት ያለባቸው የፈረንጅ ፊደሎች። ገጹ ሁሉ እንዲህ ነው። ቀና አለና "እኔ የጻፍኩት አማርኛ ነው፤ ይሄ የማን አገር ቋንቋ ነው?" አለኝ።

መልስ አጣሁ። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። ጠፍቷል ወይስ አለ?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፣ 2፡31

አብሽሪ! የዱሮውን ፎንት ፈልገሽ ጫኚ። ወዲያው አማርኛ ይሆናል።

የጦሳ ልጅ፣ 3፡05

ጫንኩ! ወርድ ላይ ግማሹ አማርኛ ሆነ፤ አባዬ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ግን አንድ መስመር ገልብጬ ለእህቴ በቴሌግራም ስልክላት ተመልሶ ያው ምልክት ሆነ። "ማጀት" የሚለውን ቃል ስፈልገውም የለም ይለኛል። እያየሁት!

የችሎት በር ጸሐፊ (ደሴ)፣ 3፡40

እህቴ፣ እኔ 23 ዓመት ማመልከቻ ስተይብ የኖርኩ ሴት ነኝ። ይሄን ነገር በጣቴ አውቀዋለሁና ልንገርሽ። ፋይሉ አልጠፋም።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ነው። ያኔ ለአንድ ፎንት የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው። ከዚያም ላይ የተወሰነው ለማሽኑ ለራሱ ትእዛዝ የተያዘ ነበር። የኛ ፊደል ደግሞ ከ"ሀ" እስከ "ፐ" 33 በ7 ሲባዛ ብቻውን 231 ነው። ሏ፣ ሟ፣ ቋ ሲጨመሩ፣ ፩ ፪ ፫ ሲጨመሩ፣ አራት ነጥብና ድርብ ሰረዝ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሁለት ብልሃት አመጡ። አንዱ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ማካፈል ነው። ሌላው ፊደሉን ቆራርጦ መገጣጠም ነው። በጽሕፈት መኪናም እንዲሁ ነበር የምንመታው፤ መጀመሪያ ግንዱ፣ ከዚያ እግሩ ወይም ቀለበቱ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሱ የገጠማቸውም ይኸው የቦታ ጥበት ነው።

አሁን ወደ አባትሽ ገጽ እንምጣ። የእኩል ምልክት ያልሽው የሳልስ እግር ነው። "አ" ይመታል፣ እሱ ከኋላው ይቀጠላል፣ "ኢ" ይሆናል። የጥያቄ ምልክቱ የኃምስ ቀለበት ነው። "በ" ላይ ሲቀጠል "ቤ" ይሆናል። መቼም በምርቃት መሃል ያን ያህል ጥያቄ አይኖርም! ምርቃት ደግሞ "ቤታችሁ" ሳይል አያልፍም። ለዚህ ነው ገጹ በጥያቄ ምልክት የተሞላው።

ስለዚህ አባትሽ የጻፉት ፊደል ሳይሆን የፊደል ሥዕል ነው። ፎንቱ ሲኖር ሥዕሉ ይታያል። ኮምፒውተሩ ግን ከሥር የፈረንጅ ቁጥር ነው ያስቀመጠው። ቴሌግራም ያንን ቁጥር ነው የላከልሽ። "ማጀት" ብለሽ ስትፈልጊ ያጣሽውም ስለዚህ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ፋይሉን ከፍተሽ "ሴቭ" እንዳትዪው። መጀመሪያ ሦስት ቦታ ገልብጪው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)፣ 3፡58

እትዬ፣ እንዲህ ያስረዳኝ መምህር ዩኒቨርሲቲም አልገጠመኝም። እኔ ኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ቀሪውን ልጨምር።

መፍትሔው ዩኒኮድ ነው፤ ለዓለም ፊደሎች የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ሠንጠረዥ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የኛ ምልክቶች የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ። የ"ሀ" ቁጥር 4608 ነው። የ"ለ" 4616 ነው። ደሴም ይሁን ቶኪዮ፣ ስልክም ይሁን ኮምፒውተር፣ 4608 ሁሌም "ሀ" ነው። ማንም ሌላ ፊደል አይቀመጥበትም። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ "ናያላ" የሚባል የኛን ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ዊንዶውስ ያለው ሰው ፎንት ሳይጭን አማርኛ ማንበብ ቻለ። የአባትሽ ጽሑፍ በ1994 ዓ.ም.፣ ማለት እ.ኤ.አ. 2002 ገደማ ላይ ነው። ቁጥሩ ወጥቶ ነበር፤ እኛ ጋ ግን ገና አልደረሰም።

በነገራችን ላይ ለምን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት አትሰጪውም? ይፈታዋል።

የጦሳ ልጅ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡20

ሌሊቱን ሞክሬዋለሁ። አንዱን ገጽ ሰጠሁትና "ይሄ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ አማርኛ ነው፣ አንብብልኝ" አልኩት። ወዲያውኑ ጻፈልኝ። ደስ የሚል ምርቃት! "ልጆቻችሁ እንደ ኮከብ ይብሩ፣ ሕይወታችሁ በስኬት የተሞላ ይሁን" ይላል።

ጠዋት ለአባዬ አነበብኩለት። እጁን አነሳና አስቆመኝ። "ይሄ የኔ አይደለም። 'ስኬት' የሚል ሽማግሌ እኔ አላገኘሁም" አለ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፣ 1፡45

አባትሽን አክብሬአለሁ። ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝና ስህተቱም የእኔ ነው። እነዚህ ነገሮች የሚሠሩት ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በመገመት ነው። ምልክቶቹን ካላወቁ ዝም አይሉም፤ ምርቃት የሚመስል ነገር ይሞላሉ። አማርኛ ደግሞ በተማሩበት ጽሑፍ ውስጥ ጥቂት ነው። ለዚህ ሥራ ግምት አያስፈልገንም። ምልክት በምልክት የሚተካ ሠንጠረዥ ነው የሚያስፈልገን።

የችሎት በር ጸሐፊ፣ 2፡02

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አባቷ ባይኖሩ ኖሮ ያ ምርቃት "የወሎ ምርቃት" ተብሎ መጽሐፍ ይገባ ነበር።

ውጫሌ ተወላጅ፣ 2፡30

እትዬ ያሉት ልብ ያለው ነው። እኔ የውጫሌ ልጅ ነኝ። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የኛ አገር ላይ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከፈለጉ በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ ይላል። በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። አንድ ግሥ ናት። አድዋ ድረስ ወሰደችን።

ስለዚህ ማሽን ተርጉሞ ሲሰጠኝ ማሰሪያ አንቀጹን ሁለት ጊዜ ሳላይ አላልፍም። ስልኬ "ይችላል"ን "አለበት" አድርጎ ሲመልሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ውጫሌ የተወለደ ሰው ይሄን ቸል ማለት አይሆንለትም።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)፣ 4፡15

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ዲያቆን ነኝ፤ ቀን ቀን ስልክ እጠግናለሁ።

ይሄን ክር ሳነብ የገዳማችን ወንጌል ትዝ አለኝ። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ያስጻፉት አራቱ ወንጌል እ.ኤ.አ. 1280 ወይም 1281 ላይ የተጻፈ ነው። ብራናው ዛሬም ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሱ እሱም ተነሳ፤ ቁጥሩ 1832 ነው። ፊልሙ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ አለ። ጸሐፊው ማንንም ሶፍትዌር አልጠየቀም፤ "ሀ"ን "ሀ" አድርጎ ጻፈው። ፊደል የሚያውቅ ሁሉ ያነበዋል።

ግን ሌላ ጣጣ አለብን። ስለራሴ ከተማ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ "ሐይቅ" ስል አንድ ነገር ይመጣል፣ "ሀይቅ" ስል ሌላ፣ "ኃይቅ" ስል ደግሞ ሌላ። ሦስት ከተማ ያለን ይመስላል። "ፀሐይ"ን ቁጠሯት። በ"ፀ" ወይም በ"ጸ"፤ ከዚያ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። 12 ዓይነት አጻጻፍ አላት። ለኮምፒውተር እነዚህ 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው።

ቦርከና ማዶ፣ 4፡22

ታዲያ ትርፎቹን ፊደሎች ለምን አናስወግዳቸውም? አንድ ድምፅ፣ አንድ ፊደል። ሁሉም ይቀላል፤ ሕፃናትም ይገላገላሉ።

ሐይቅ ዳር፣ 4፡50

ወንድሜ፣ ይሄን ሐሳብ በአክብሮት እቃወማለሁ። በግዕዝ "ሠረቀ" ወጣ፣ ብርሃን ሆነ ማለት ነው። "ሰረቀ" ደግሞ ሌባ ሆነ ማለት ነው። በዜማው ስለ ፀሐይ መውጣት የሚለውን በእሳቱ ሰ ብትጽፈው ፀሐይን ሌባ አደረግካት። ዛሬ በአማርኛ ድምፁ አንድ ሆኗል፤ ልክ ነህ። የተጻፈው ሁሉ ግን ዛሬ የተጻፈ አይደለም።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፣ 5፡10

ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ መንገድ አለ። ጽሑፉን አንነካውም፤ እንደተጻፈ ይቀመጥ። ፍለጋው ብቻ ሐ፣ ሀ፣ ኀን አንድ አድርጎ ይያቸው። በእንግሊዝኛ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ፍለጋው እንደማይለየው ማለት ነው። ፕሮግራም ላይ ጥቂት መስመር ነው። ለትምህርት ቤት ሥራ ሞክሬው በደንብ ይሠራል። አማርኛ ድረ ገጽ የሚሠራ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ቢያስገባው ያ ሁሉ የተጻፈ ነገር ይገኛል።

ቦርከና ማዶ፣ 5፡14

በዚህስ ተስማምቻለሁ። ዲያቆን፣ የሠረቀው ነገር ገብቶኛል።

የባቲ ሰኞ (ባቲ)፣ 7፡00

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፤ ቁጥር ስላነሳችሁ ነው። እናቴ ስማርት ስልክ የላትም። አጭር መልእክት ስልክላት በእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነ 160 ምልክት ይይዝልኛል። በአማርኛ ስጽፍ 70 ብቻ። ያለፈው እንደ ሁለተኛ መልእክት ይቆጠራል፣ ሒሳቡም እጥፍ ይሆናል። ለምን?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፣ 7፡20

መልእክቱ የተበጀተለት 140 ባይት ነው። ለእንግሊዝኛ የታሰበው ፊደል በ7 ቢት ይታሸጋል፤ 160 ይገባል። የኛ ፊደል እያንዳንዱ 16 ቢት፣ ማለት 2 ባይት ይወስዳል። 140 ለ2 ሲካፈል 70 ነው። ደንቡ የወጣው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። አውሮፓውያን ለራሳቸው ፊደል ነው ያወጡት።

ግን አንድ ነገር አለ። በአማርኛ አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢን ይዟል። "ደሴ" በላቲን አራት አምስት ፊደል ነው፤ በኛ ሁለት። ስለዚህ 70ዋ ከምታስበው በላይ ትሸከማለች።

የባቲ ሰኞ፣ 7፡33

እናቴ የላቲን ፊደል አታነብም፤ መሠረተ ትምህርት የተማረችው በግዕዝ ፊደል ነው። ስለዚህ እጥፍ እከፍላለሁ፣ ደስ እያለኝ። በራሷ ፊደል "እንዴት ነሽ እማዬ" ሲላት ስልኩን ለጎረቤት ታሳያለች።

የከላላው (ከላላ)፣ 9፡05

አሰላሙ ዓለይኩም ያ ጀማዓ። የኔ ጥያቄ ከእህታችን የባሰ ይመስለኛል። አያቴ በዓጀም የተጻፉ መንዙማዎች ትተውልን ሄደዋል። ቃሉ አማርኛ፣ ፊደሉ ዓረብኛ። ሼህ ጠልሀ ቢን ጃዕፈር በአማርኛ መንዙማ ሲጽፉ የተጠቀሙበት ማለት ነው። ዓረብኛ "ጨ" እና "ኘ" ስለሌለው ጸሐፊዎቹ የራሳቸውን ነጥብ ይጨምሩ ነበር። አያቴ የት ላይ ምን ነጥብ እንዳደረጉ የሚያውቀው አሁን አጎቴ ብቻ ነው። ወረቀቱ ጠርዙ መርገፍ ጀምሯል። በላስቲክ ልሸፍነው?

ሐይቅ ዳር፣ 9፡30

ወንድሜ፣ በላስቲክ አትሸፍነው፤ እርጥበት ያምቃል። ማጣበቂያም አታስነካው። ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው። ከዚያ በጠዋት ብርሃን፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ ገጽ በገጽ አንሳው። ስልኩን በመጽሐፍ ደግፈው፤ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ። ገጽ አንድ ላይ ማስመሪያ አብረህ አንሳ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። እኔ ብራና ሲነሳ ያየሁት እንዲህ ነው።

የችሎት በር ጸሐፊ፣ 9፡48

ሌላም ጨምር። አጎትህ ጮክ ብሎ ያንብብልህና ድምፁን ቅዳው። ነጥቡን የሚያውቀው እሱ ነው ብለሃል። ፎቶ ነጥቡን ያሳያል እንጂ አያነበውም። ዛሬ ማታ ጀምር።

የከላላው፣ 10፡02

ኢንሻአላህ ዛሬ ማታ። አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁም።

የወልዲያ ልጅ፣ ሐሙስ ከሌሊቱ 6፡40

ዘግይቼ ነው ያየሁት። የጦሳ ልጅ የላከችልኝን ፋይል ይዤ አመሸሁ። እትዬ በቃል ያወጡልኝን ዝርዝር ተጠቅሜ ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም ሠርቻለሁ።

መጀመሪያ ተሳሳትኩ። "አ" የሚለውን ምልክት ቀድሜ ቀየርኩትና "ኢ" ሁሉ "አ" እና ብቻውን የቆመ የእኩል ምልክት ሆነ። ገጹ በሙሉ እግሩ የተቆረጠ ሳልስ ሆነ። ከዚያ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ጥንዶቹ ይቀየራሉ፣ ከዚያ ነጠላዎቹ። ተስተካከለ።

ሁለተኛው ችግር ርዕሶቹ ናቸው። አባታችን ርዕሶቹን በሌላ ፎንት ነው የጻፏቸው። እዚያ ውስጥ ያው ቁጥር ሌላ ፊደል ነው። ደግነቱ ፋይሉ ወርድ ስለሆነ የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ይዟል። ፎንቱን የማይመዘግብ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ቢቀመጥ ኖሮ ይሄ መረጃ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ተመሳሳይ ፋይል ያላችሁ ሰዎች፣ ወደ ሌላ ዓይነት ለመቀየር አትቸኩሉ።

140ውም ገጽ አልቋል። 37 ቃል ላይ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ በቀይ አድርጌያቸዋለሁ። ፋይሉን በግል ልኬልሻለሁ። አባታችን ይዩአቸው።

የጦሳ ልጅ፣ ሐሙስ ከምሽቱ 1፡30

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

አባዬን ወንበር ላይ አስቀምጬ ቡና አፈላሁ። ፊደሉን ትልቅ አደረግኩለት። የመጀመሪያውን ገጽ ራሱ አነበበው፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ እያስኬደ፦

"ቤታችሁ ይሙላ፣ ማጀታችሁ አይጉደል። የወጣ ይመለስ፣ የታመመ ይዳን፣ የተዘራው ይያዝ። ውሃ ስትቀዱ ወተት ይሁንላችሁ።"

ጣቱን እዚያው አቆመ። "ይቺን የሰጡኝ አንዲት የኩታበር አሮጊት ናቸው። ዝናብ ይዞኝ ቤታቸው ተጠልዬ" አለኝ። ከዚያ ሌላ ሦስት ገጽ አነበበ። ቡናው ቀዘቀዘ።

37ቱን ቃላት አብረን አየናቸው። 31ዱን ሳያመነታ ነገረኝ። በአራቱ ላይ ማሽኑ ትክክል ነው፤ ሲተይብ የተሳሳተው አባዬ ራሱ ነው። "ያኔ እንቅልፍ ይዞኝ ነበር፣ አርሚልኝ" አለ። ሁለቱ ግን ገጽ 88 ላይ የአውድማው ምርቃት ውስጥ ናቸው፤ ሊያስታውሳቸው አልቻለም። በሬ ሲነዳ፣ እህሉ ሲበራይ፣ ከ"በረካ" ቀጥሎ የሚባል ነው።

"ማጀት" ብዬ ፈለግኩ። 52 ቦታ አገኘው።

የከላላው፣ 1፡34

አሚን በሉ!

የባቲ ሰኞ፣ 1፡35

አሚን!

ሐይቅ ዳር፣ 1፡36

አሜን፣ አሜን። ወተት ይሁንላችሁ።

የችሎት በር ጸሐፊ፣ 1፡50

አለቀስኩ። ለወልዲያው ልጅ እግዜር ይስጥልኝ። እኔም ቤት የዱሮ ፍሎፒ ሙሉ ካርቶን አለ። የሰው እንጉርጉሮ፣ የሰው ኑዛዜ፣ የእድር መተዳደሪያ። ባለቤቶቹ ቢፈቅዱ ነገ ማንበቢያ ፈልጌ አንድ በአንድ እከፍታለሁ።

የወልዲያ ልጅ፣ 2፡05

እትዬ፣ ፕሮግራሙን በነጻ አስቀምጣለሁ። የሌላ ሶፍትዌር ፋይል ከሆነ ሠንጠረዡ ይለያያል፤ እርስዎ ምልክቶቹን ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።

ኩታበር መንደር (ኩታበር)፣ 3፡20

ገና አሁን ነው ያየሁት። አያቴ 84 ዓመታቸው ነው፤ አውድማ ላይ ያደጉ ናቸው። ገጽ 88ን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ሌሊቱ ሳይገፋ አነብላቸዋለሁ፤ አሁን ምድጃ ዳር ናቸው፣ አልተኙም።